ባለሀብቱ እንዳይከፋው

«ባለሀብት ክስ አይወድም፤ ከከሰስነው ጥሎን ይሄዳል።» ይህ አስተሳሰብ በወረዳና በከተማ አስተዳደሮቻችን ሥር ሰዷል። መሬት ሲረከብ «መዳረሻ መንገዱን ከነቦዩ እኔ እሠራለሁ» ያለ አልሚ ሳይሠራ ሁለት ሦስት ክረምት ቢያሳልፍም፣ የሚደርሰው የምክክር መድረክ ግብዣ እንጂ የፍርድ ቤት መጥሪያ አይደለም። እስከዚያው ጉድለቱ በነዋሪው መዋጮ ይሸፈናል። ነዋሪው መዋጮውን ሲያዘገይ ግን «ይከፋዋል» ብሎ የሚሳሳለት ባለሥልጣን አይገኝም።

በመካነ ሰላም አካባቢ ይህ ይሉኝታ ብዙ ያስከፍላል። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚኬደው በአቀስታ አድርጎ ነው፤ ወደ ጎጃም ለመሻገር ደግሞ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ካሉ፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው መኪና አያሳልፍም፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ቃሬዛ ያበጃል።

ሕጉ ደካማ ነው የሚለው ሰበብ አያስኬድም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1724 መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል በማይክራፎን የተነገረ ቃል፣ የካቢኔ ቃለ ጉባኤም ቢሆን፣ ይህን አያሟላም። በደንብ ለተጻፈ ውል ግን መሣሪያው ሞልቷል። በቁጥር 1889 መሠረት የመቀጫው ልክ አስቀድሞ ሊወሰን ይችላል። ቁጥር 1777 ደግሞ ለወረዳ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል፤ ባለዕዳው ያልሠራውን ሥራ በእሱ ወጪ በሌላ ለማሠራት ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይቻላል። ይህን የሚጠይቅ አቤቱታ ለመጻፍ የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ከማንም ፈቃድ መለመን የለበትም።

አልሚው ግን ጠንካራ መልስ አለው። የሊዝ አዋጅ 721/2004 በአንቀጽ 8 ለጨረታ የሚቀርብ መሬት መሠረተ ልማት እንዲኖረው ያዛል። «መንገዱ ቀድሞም የእናንተ ግዴታ ነበር» ቢል፣ እውነት አለው። ከተማው ይህን ግዴታ ወደ እሱ ያዞረው ዋጋ ቀንሶለት ወይም ቦታ ጨምሮለት ከሆነ፣ የቅናሹ ልክ ከመንገዱ ርዝመትና ከማስረከቢያው ቀን ጋር በአንድ ሰነድ ላይ መስፈር አለበት። አለበለዚያ ቅናሹ ስጦታ ይሆናል፣ መንገዱም በጎ ፈቃድ።

ሁለተኛው መልስ ጸጥታ ነው። ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ሁኔታ ማንም አይክድም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም የእርስ በርስ ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ይቆጥራል። ዳሩ ግን በ2012 መጠናቀቅ የነበረበትን መንገድ የ2015 ተኩስ አላስቆመውም።

ሌላው ጣጣ ውሉን የበላይ መሥሪያ ቤት ሲፈርም የሚመጣው ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐረር በመስመሩ ላይ ነበረች። የባቡር ኩባንያው ተራራውን ሸሽቶ በቆላው አለፈ፤ በ1895 ድሬዳዋ ተቆረቆረች፣ ሐረር ያለ ባቡር ቀረች። የውሉ ተዋዋይ ያልነበረች ከተማ ማንን ትክሰስ? ዛሬ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1957 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም መዋዋልን ስለሚፈቅድ፣ ክልሉ ወይም የፌዴራል መሥሪያ ቤት በወረዳው ስለሚሠራ መንገድ ሲፈራረም «ተጠቃሚው ወረዳው ነው» የሚል አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

መጠየቂያው ጊዜም እየተመናመነ ነው። የይርጋው ዘመን 10 ዓመት ነው። በ2009 መጠናቀቅ የነበረበት መንገድ፣ ባለዕዳው ዕዳውን ካላመነና ካልተከሰሰ፣ በ2019 ከይርጋ ክልከላ ላይ ይደርሳል። የምክክር መድረክ ደግሞ ይርጋን አያቋርጥም።