የቆዳችንን ጥያቄ ማን ያንሳልን?

ወንድሜ፣ እህቴ! ከእኛ ሰፈር ፋርማሲ የተማረ ልጅ «መድኃኒት ኩባንያ ገባ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ቦርሳ ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞረው ሜዲካል ሬፕ ነው። ሐላል እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ በእሱ ላይ ክፉ አልናገርም። ነገር ግን በትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ ከሽያጩ ተነጥሎ የሚሠራ፣ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ያሉበት «ሜዲካል አፌርስ» የሚባል ክፍል አለ። የሐኪሙን ጥያቄ በማስረጃ ይመልሳል፤ ሐኪሙ በታካሚው ላይ ያየውንም ወደ ኩባንያው ይወስዳል። ቀጥሎ ምን ይጠና፣ በማን ላይ ይጠና በሚለውም ድምፅ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ችፌን እንውሰድ። በጥናት ላይ ክብደቱ ሲለካ ከሚታዩት ዋና ምልክቶች አንዱ መቅላት ነው። የእኛ ቆዳ ግን ሲቆጣ እንደ ፈረንጅ አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ አንዳንዴም አመድ ይመስላል። በነጭ ቆዳ ላይ የሠለጠነ ዓይን ከባዱን ሕመም «ቀላል ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስትራቴጂው ሲወጣ ይህን የሚናገር ሰው ከሌለ ጥያቄው ተረስቶ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. 2017ን ተመልከቱ። ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ ለአዋቂዎች የችፌ ሕመም አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ አስገባው። አንደኛው ገበያ አገኘ፤ ሌላኛው ችላ መባሉ ተጻፈለት። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች ከ300 ሺህ በላይ ሰው በእከክ ተይዞ ነበር።

ኩባንያ ከፈለገ ይችላል። የአሜሪካው ሜርክ እ.ኤ.አ. በ1987 አይቨርሜክቲንን ዓይን ለሚያጠፋው ኦንኮሰርኪያሲስ በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ እስካሁንም ይሰጣል። ይኸው ክኒን እከክንም ያድናል፤ ልገሳው ግን ለእከክ ተብሎ የተሰጠ አይደለም።

እኛ ጋ ምን ይሆናል? የሚያሳክከው ልጅ በጎረቤት ምክር ቤታሜታዞን ይቀባል። እኛም ቤት ሆኗል። ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ ተባዩ ግን ውስጥ ለውስጥ ይራባል። ክኒኑ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ መደገም እንዳለበት፣ ቤተሰቡም አብሮ መታከም እንዳለበት የነገረን አልነበረም። ይህን እስከ ሰፈር መድኃኒት ቤት ድረስ ማድረስ የዚያ ክፍል ሥራ መሆን ነበረበት።

«ያው ደመወዙ ከኩባንያው ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሳይንስ ነው እየተባለ ሽያጭ የሚሠራበት ጊዜም አለ። ቦታው አማና የሚያውቅ ሰው የሚፈልገውም ለዚህ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ኩባንያ አትጠብቁ። በከተማችሁ መድኃኒት ቤቶች «ያሳክከኛል» ላለ ሰው ምን እንደሚሸጥለት ቆጥራችሁ ጻፉ።