የተናቀው ተክልና የመድኃኒት ቅመማ ጥበብ

ያልተማረ ሰው ረግጦት የሚያልፈውን ነገር የተማረ ሰው አንሥቶ መድኃኒት ያደርገዋል። ይህ ቃል ለማጣፈጫ ያህል የተነገረ እንዳይመስል፤ በስምና በዓመት የተመዘገበ ማስረጃ አለው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰው ገላ ውስጥ ያሉት ዕጢዎች ሆርሞን የሚባለውን ነገር እያዘጋጁ በደም በኩል ወደ ልዩ ልዩ ብልቶች ይልካሉ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ሲሆን፤ እርሱ የጎደለበት ሰው ግን ጤና የለውም። በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ፤ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የታወቀውን ኮርቲዞን ቁርጥማት ላሰራት ሴት ቢሰጧት በጥቂት ቀን ተነሥታ ለመራመድ ቻለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ያን ጊዜ ከበሬ ሐሞት ከሠላሳ በሚበልጥ የቅመማ ደረጃ የሚሠራ ስለ ነበረ፤ ዋጋው ለድኻ ቀርቶ ለባለጸጋም የሚቀመስ አልነበረም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ፔርሲ ጁልያን ነው። አያቶቹ ባሮች የነበሩት ይህ ሰው በ1899 ዓ.ም. በአላባማ ክፍል በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። በተወለደበት ከተማ ለጥቁር ልጅ ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚሆን የሕዝብ ትምህርት ቤት ባይኖርም፤ ወደ ሌላ አገር ሄዶ እየተማረ በ1931 ዓ.ም. በቪዬና የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በአኩሪ አተር ፋብሪካ ሲሠራ፤ አንድ ቀን ውኃ በዘይቱ ጋን ገብቶ ነጭ ዝቃጭ አበጀ። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ በደፋው ነበር፤ እርሱ ግን ዝቃጩ ሆርሞን የሚሠራበት ስቴሮል መሆኑን ዐወቀ። ከዚሁም እርግዝናን የሚጠብቀውን ፕሮጄስትሮን በብዛት ሠራ፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ለኮርቲዞን የሚቀርበውን ውሁድ በአነስተኛ ዋጋ የሚያዘጋጅበትን መንገድ ገለጸ። በ1950 ዓ.ም. ስለ መልኩ የጠሉት ሰዎች በቤቱ ላይ እሳት ቢለኩሱበትም ሥራውን አልተወም።

ነገሩ ወደ እኛም ይቀርባል። ፈረንጆች ሲሳል የሚሉት ቃጫ በስምጥ ሸለቆ ደረቅ ምድር በአጥርነት ተተክሎ ይታያል። ከቅጠሉ ክብደት ገመድ የሚሆነው ከመቶ አራት ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ይጣላል። በ1951 ዓ.ም. ካሎው፤ ኮርንፎርዝና ስፔንስሊ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች፤ ከዚሁ ከሚጣለው ጭማቂ ሄኮጄኒን የተባለው የሆርሞን መሠረት እንደሚገኝ አስረዱ። ከዚህም በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ቃጫ ለኮርቲዞን መሥሪያ ሆነ። ቃጫውን ያበቀለ ምድር አፍሪካ ሲሆን፤ መድኃኒቱን ያወጣው ጥበብ ግን ከባሕር ማዶ ነበረ።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ ዓይን ከዚህ ያነሰ አያይም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በአድዋ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያይ፤ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ኃይል በእንዶድ እንዳለ መርምሮ ለዓለም አስታወቀ። የእንዶድ አረፋ ሆርሞን አይወጣውም፤ ነገር ግን የጁልያንና የአክሊሉ መንገድ አንድ ነው፤ ሌላው አይቶ ባለፈው ነገር ላይ ቆሞ መጠየቅ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቃጫ በመትከል ብቻ እንበለጽጋለን የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ዛሬ ፋብሪካዎች የአኩሪ አተርንና የጥድን ስቴሮል በረቂቅ ተሕዋስያን ይለውጣሉ፤ ነገም ሌላ ነገር ያገኛሉ። ተክሉ ይለዋወጣል፤ የማይለወጠው የሠለጠነ ሰው ማስፈለጉ ነው። በአዳማ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአቅራቢያውም በ1969 ዓ.ም. የተመሠረተው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል፤ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ የመዓዛና የመድኃኒት ተክሎችን የሚመረምረው የወንዶ ገነት ማዕከል ይገኛል።  ባለሥልጣኖች ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው አተላ፤ ቃጫ ከተፋቀ በኋላ የሚጣለው ጭማቂ እንዲመረመር ቢያዝዙ፤ ለወጣቱ ኬሚስትም መሣሪያና ጊዜ ቢሰጡት፤ ወጪው ከንቱ አይሆንም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ድርሻ አላቸው። የዕፅ ስምና ጥቅም የተጻፈባቸውን የብራና መጻሕፍት የሚያነብ እነርሱ ናቸውና፤ ተመራማሪው ሲጠይቃቸው ቢያስረዱት፤ የአባቶች ዕውቀት ይፈተናል፤ እውነት የሆነው ይጸናል፤ ሐሰት የሆነው ይለያል። ሕዝቡንም ቢያስጠነቅቁ መልካም ነው። የቃጫን ጭማቂ መጠጣት ፈውስ አይሆንም፤ ከኮርቲዞን ወገን የሆነው መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ ቢወሰድ አጥንት ያደክማል፤ የደምን ስኳር ያበዛል፤ በድንገት ቢቋረጥም አደጋ ያመጣል።

በመቂ ወይም በባቱ አስም የያዘው ሕፃን ወይም ቁርጥማት ያሰራት እናት የሚሹት መድኃኒት ከሩቅ አገር በውጭ ምንዛሪ ሲመጣ፤ ምንዛሪው ባነሰ ጊዜ በሽተኛው ይጎዳል። ስለዚህ የኬሚስትሪ ትምህርት የጌጥ ትምህርት አይደለም። የጁልያን ጋን ውኃ ገብቶበት ሳለ የዳነው ዐዋቂ አጠገቡ ስለ ነበረ ነው። በእኛም ጋን አጠገብ ዐዋቂ እንዲቆም ማድረግ የዛሬ ሥራችን ነው።