ማን መጨረሻ ይበላል?

ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የኅብረተሰብ ጤና ስማር ለአንድ ወር በበጎ ፈቃድ ላገለግል ጃምኬድ ወረድኩ። ጃምኬድ ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ ያለች ድርቅ የማያጣት ወረዳ ናት። ሻንጣዬ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያና ሁለት ነጭ ጋዋን ነበር። ከማራቲ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው።

ጃምኬድን በጤናው ዓለም ያስጠሯት ዶክተር ራጃኒካንት አሮሌና ባለቤታቸው ዶክተር ሜቤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራቸውን ጀምረው፣ መንደሩ ራሱ የመረጣቸውን ሴቶች በጤና ሠራተኛነት አሠለጠኑ። ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በካስት ሥርዓቱ ታች የተጣሉ ነበሩ።

እኔም የተመደብኩት ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ነው። መንደሩ «ታይ» ይላታል፤ እትዬ እንደ ማለት። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር ቤት ገባን። ጋዋኔን ለብሼ ግፊቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። ጻፍኩና ለመሄድ ተነሣሁ። ታይ ግን የሴትዮዋን የዐይን ቆብ ገለጥ አድርጋ ደም ማነስ እንዳለባት አየችና አማትየዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ሻይዋን መጠጣት ጀመረች። ግማሽ ሰዓት አወሩ። አስተርጓሚዬ እንደነገረኝ፣ ለካ በዚያ ቤት ምራት የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ የተረፈውን ነው። ታይ አልተቆጣችም። «እንግዲያ የልጅ ልጅሽም መጨረሻ ነው የሚበላው» አለቻት።

እኔ ለዚያ ልጅ ምን አደረግኩ? የእናቱን ክንድ ጠፍሬ ፈታሁ።

ውጭ አገር ሄዶ የሚያገለግል ተማሪ ረዳ ሲባል እሰማለሁ። ቋንቋ ሳያውቅ ለአራት ሳምንት የመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ አስተርጓሚ ሥራ ያስፈታል፣ ሻይ ያስፈላል። ይሂድ፣ እኔም ተምሬበታለሁ። ግን የምስክር ወረቀቱ «አገለገለ» አይበል፤ «ተማረ» ይበል።

ያሳፈረኝስ ሌላ ነው። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ደጀን አጠገብ አያቴ ዘንድ ስንት ክረምት ከርሜያለሁ። ጤና ኬላውን የማውቀው ከሩቅ በሚያበራው ቆርቆሮው ነው፤ ደጁን ረግጬ አላውቅም። የገጠር ጤና ፍለጋ ግን ሕንድ ድረስ ተጓዝኩ!

የጤና ትምህርት ክፍሎች፣ እባካችሁ፣ ተማሪውን ባሕር ከማሻገራችሁ በፊት አንድ ክረምት ከኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር በእግሩ ይዙር። ጋዋኑን እቤቱ ይተወው።