በስህተት የገባች ፊደል
ልጄ ‹አይላንድ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲጽፍ ‹ኤስ›ን ዘልሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞበት መጣ። ጥንት ግን ፊደሏ አልነበረችም። ቃሉ ከድሮው እንግሊዝኛ ‹ኢየግላንድ› የወረደ ነው፤ ከላቲኑ ‹ኢንሱላ› ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባው ‹አይል› ግን ሌላ ዘር ነው። ሁለቱም ደሴት ማለት ስለሆኑና መልካቸውም ስለሚመሳሰል፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊዎች ዘመዳሞች መስለዋቸው የ‹አይል›ን ‹ኤስ› ‹አይላንድ› ውስጥ ሰነቀሩት። ለእኛ ‹ሰረቀ› ወሰደ፣ ‹ሠረቀ› ደግሞ ወጣ፣ በራ ማለት መሆኑን ከነምክንያቱ የነገሩን የግእዝ መምህራን ናቸው፤ ልዩነቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእንግሊዝኛ መምህራንም ከመሰረዛቸው በፊት ታሪኩን ይንገሩ እላለሁ። ማታ ለልጄ ነገርኩት። ቃሉን ደግሞ ጻፈው፤ ‹ኤስ›ን ግን ከጎረቤቶቿ አሳንሶ።