ጋሸና ላይ በማለዳ አስነሱት
የተነካካ ያገለገለ ላንድክሩዘር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሻጩ አሙቆ በሚያሰማችሁ የሞተር ድምፅ አትረቱ። የወልዲያ–ወረታ መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት ብርዳም ጋሸና ላይ መኪናው ሌሊቱን ይደርና ማለዳ ይነሳ። ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ጥቁር ቢያጨስ አይፈረድበትም፤ ሞቆም ሰማያዊ ማጨሱን ካላቆመ ግን ዘይት እየበላ ነው። ለዳገቱ ብለው፣ ፋብሪካው ያለ ቱርቦ በሠራው ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላይ ቱርቦ የሚያስገጥሙ አሉ፤ ናፍጣው በልኩ ካልተስተካከለ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ያደርሳልና፣ ማን እንደገጠመው ካልታወቀ እኔ አልገዛውም። ትልቁ ጉዳይ ያለው ግን ከሥር ነው። ባሌስትራ ተደራርቦበት ከፍ ያለ መኪና ከሆነ፣ ሥሩ ተኝታችሁ ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በባትሪ መርምሩ። እዚያ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ይፋቅ በሉ፤ የተበየደ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ሻጩ አይፋቅም ካለ ጥላችሁ ሂዱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። በዚህ መኪና ወላድና ሕመምተኛ ቁልቁለት ይወርዱበታል፤ እባካችሁ፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን መካኒክ ሳያይላችሁ ቀብድ አትክፈሉ።