አንድ ባይኖኩላር ለሁለት?

ውድ ባለትዳሮች፣ ጌታ የሰማይን ወፎች እንድንመለከት ነግሮናል (ማቴ. 6፥26)። ወፍ ለማየት ወደ ወንዶ ገነት ጫካ የምትሄዱ ከሆነ፣ ባይኖኩላር ስትገዙ የተጻፈበትን ቁጥር አንብቡ። 8×42 ከሆነ 8 ጊዜ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ስፋት 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ10×25 ግን 2.5 ብቻ ነው፤ ጥላ በበዛበት ጫካ ይጨልምባችኋል።

ሌላም አለ። የሁለታችሁ ዓይን አንድ ዓይነት አይደለም። ባል ለራሱ ያስተካከለው ለሚስት ይደበዝዛል፤ እስክታስተካክለው ወፉ በሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ውድ ወይም ለሁለት መካከለኛ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱን ግዙ። ባሎች ሆይ፣ ያላችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ቅድሚያውን ለእርሷ ስጡ። የእግዚአብሔርን ሥራ አብራችሁ አይታችሁ፣ አብራችሁ አመስግኑ።