ትራንስካይ፤ ርስት ተብሎ የተሰጠ አጥር



በጎጃም ገጠር ርስት የሚለውን ቃል ያህል የሰውን ልብ የሚነካ ቃል ጥቂት ነው። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥትም ይህን የመሰለውን ስሜት አውቆ ነው ጥቁሩን ሕዝብ ከአገሩ የነቀለው። «ውጡ» ብቻ አላላቸውም፤ «አገራችሁ ወዲያ ነው፣ ሂዱና በርስታችሁ ኑሩ» ነው ያላቸው። እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ታሪክ በአንድ መስመር ማስታወሻ ልናልፈው አይገባም እንላለን። ለዚህም «የትውልድ አገር» ከተባሉት ዐሥር ክልሎች አንዷን፣ ትራንስካይን፣ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከመሬት ነው። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ያህሉን ነበር፤ በ1936 ወደ 13 በመቶ ግድም ከፍ እንዲል ተወሰነ። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው ሲታጨቅ እርሻው አያበላም። ስለዚህ የትራንስካይ ጎልማሳ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ጆሐንስበርግ ይሄዳል፤ እዚያም የይለፍ ደብተር ካልያዘ ይታሰራል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ቀጥሎ አስተዳደሩ መጣ። በ1963 ትራንስካይ «ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች» ተባለና 109 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ተቋቋመ። ሕዝቡ የሚመርጠው ግን 45ቱን ብቻ ነው፤ 64ቱ በሹመታቸው የሚገቡ የጎሣ አለቆች ነበሩ። ከተመረጡት የሚበዙት የካይዘር ማታንዚማ ተቃዋሚዎች ሲሆኑ፣ ማታንዚማ በአለቆቹ ድምፅ የመንግሥቱ መሪ ሆነ። ምርጫ ተደረገ፤ የተሸነፈው ግን መራጩ ነው።

ኦክቶበር 26 ቀን 1976 ትራንስካይ «ነፃ አገር» ተባለች። በዚያው ቀን ከትራንስካይ ጋር በትውልድ ወይም በቋንቋ ይገናኛል የተባለ ሁሉ፣ ጆሐንስበርግ ተወልዶ ትራንስካይን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሳይቀር፣ የደቡብ አፍሪካ ዜግነቱን ተነጠቀ። የነፃነቱ ትርጉም ይህ ነበር! ዓለም ግን አልተታለለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዕውቅና ነፈጋት፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዕለት በ134 ድምፅ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ፣ ነፃነቱን ውድቅ አደረገው።

«ታዲያ ይህ ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን፣ ትራንስካይ ነፃ አገር ከመባሏ 23 ዓመት በፊት በክፍል ውስጥ ተጀምራለች የሚል ነው። በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግ ወጣ። የሕጉ አራማጅ ሚኒስትር ሄንድሪክ ቨርዎርድ፣ ጥቁር ልጅ በነጮች ዘንድ ከተወሰነ የጉልበት ሥራ በላይ ቦታ ስለሌለው ከዚያ የሚያልፍ ትምህርት አይበጀውም ባይ ነበር። ልጁ ታናሽነቱን አስቀድሞ በጥቁር ሰሌዳ ተማረ፤ ዜግነቱን የነጠቀው ወረቀት ኋላ መጣ። ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ አደባባይ ወጥተው በአፍሪካንስ መማርን እምቢ ያሉትም ተማሪዎቹ ነበሩ።

ሌሎች ደግሞ «በቋንቋቸው መማራቸው፣ የራሳቸው ምክር ቤት ማግኘታቸው ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስተማር መልካም ነው። ክፋቱ ቋንቋውን አጥር ማድረጉ ላይ ነው። «ይህ ቋንቋህ ነው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ቋንቋህ ይህ ስለሆነ በቀረው አገርህ ድርሻ የለህም» ማለት ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህን ለይቶ ማሳየት የመምህር ሥራ ነው፤ መምህር ካልለየው ተማሪው ከየት ያመጣዋል?

አጥሩን ከጣሱት አንዱ በ1918 በዚያው በትራንስካይ፣ ምቬዞ በምትባል መንደር፣ የተወለደው ኔልሰን ማንዴላ ነው። በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በጉባኤ ተናገረ፤ በኮልፌም የውትድርና ሥልጠና ወሰደ። ኤፕሪል 27 ቀን 1994 ጥቁሩም ነጩም በአንድ ምርጫ ድምፁን ሲሰጥ ትራንስካይ ፈረሰች፤ መሬቷም በአብዛኛው በምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር ተጠቃለለ። ድህነቱ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልተሻረም፤ አካባቢው ዛሬም ከአገሪቱ ድሆች ክፍሎች አንዱ ነው።

ነገ ከነገ ወዲያ በአዴት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ትምህርት ቤቶች እንመደባለን። ካርታ ባይኖር ጠመኔ አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካን በሰሌዳ ላይ እንሣልና 13 በመቶውን እናቅልመው። ከዚያም የገበሬውን ልጅ እንጠይቀው፤ ይህን መሬት ማን ከፈለው? የተጠየቀስ ማን ነበር? የርስትን ነገር ከቤቱ ያውቀዋልና መልሱ አይጠፋውም።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።